«የላኩት ኢሜይል ቫይረስ አለበት» የሚል ማስጠንቀቂያ፣ ምንም ላልላከ ሰው

ሰርቨር_ጠባቂ (አዲስ አበባ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች።

አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የአይቲ ሥራውን ብቻዬን ነው የምይዘው። ኢሜይላችን በራሳችን ሰርቨር ላይ ነው፤ ፖስትፊክስ የተባለው የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም፣ ክላምኤቪ ከሚባለው አንቲቫይረስ ጋር። ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ የፋይናንስ ኃላፊያችን ኢንቦክስ በማስጠንቀቂያ ተጥለቅልቋል። ከጀርመን ይመጣል፣ ከብራዚል ይመጣል፣ ቋንቋውን እንኳን ለይቼ ካላወቅኩት አገር ይመጣል። የሚሉት ግን ሁሉም አንድ ነው። አንዱን ወደ አማርኛ መልሼ ልለጥፍላችሁ፦

«ማስጠንቀቂያ! ከእርስዎ አድራሻ የተላከ መልእክት ላይ ቫይረስ ተገኝቷል። ርዕስ፦ ያልተከፈለ ኢንቮይስ። አባሪ ፋይል፦ ኢንቮይስ ዚፕ። የተወሰደ እርምጃ፦ ተሰርዟል። እባክዎ ኮምፒውተርዎን ያስመርምሩ። ይህ መልእክት በራስ ሰር የተላከ ስለሆነ መልስ አይስጡ።»

«መልስ አይስጡ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ክሱን ይልካል፣ መከላከያ አይሰማም።

ሴትየዋ በጣም ደንግጠዋል። ኮምፒውተራቸውን በተለያየ አንቲቫይረስ ፈተሽኩት፣ ንጹሕ ነው። የይለፍ ቃላቸውንም ቀየርን። የሰርቨሩን ሎግ (የሥራ መዝገቡን) ሳየው በተባለው ሰዓት ከእሳቸው አድራሻ የወጣ ነገር የለም። መልእክቱ ተላከ የተባለው ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ቢሮው ተቆልፎ ዘበኛው ብቻ ነው ያለው።

ዳይሬክተራችን «አድራሻው ይቀየር» ብለዋል። በዚህ አድራሻ ግን ባንኩም፣ ኦዲተሩም፣ ለጋሾቹም ነው የሚጽፉላቸው። ይሄ ነገር ከየት ነው የሚመጣው? እንዴትስ ይቆማል?


ጋሽ_ሞደም

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሴትየዋን አረጋጋቸው። ከሎጉ የወጣ ነገር ከሌለና ማሽኑ ንጹሕ ከሆነ ባልዋሉበት ነው የተከሰሱት። የሆነ ቦታ የተጠለፈ ኮምፒውተር የእሳቸውን አድራሻ «ላኪ» ብሎ ለጥፎ ቫይረስ እየበተነ ነው። የተቀባዮቹ ሰርቨሮች ቫይረሱን ያዙት፣ ጎሽ። ከዚያ «ለላኪው እናሳውቅ» አሉ። ላኪ ብለው ያሰቡት የእናንተን ኃላፊ ነው። ይሄ ባክስካተር የሚባለው ነገር ነው።

ከየት እንደመጣ ትንሽ ላውራ፣ ዕድሜዬም ይፈቅድልኛል። ኤስኤምቲፒ የተባለው የኢሜይል መላኪያ ደንብ በ1982 እ.ኤ.አ. ሲጻፍ ኔትወርኩ ላይ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ተቋማትና ወታደራዊ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። የላኪ አድራሻ ቦታ ላይ የፈለግከውን ብትጽፍ መታወቂያ የሚጠይቅህ የለም። ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ትላልቅ የኢሜይል ቫይረሶች፣ ማለትም በማርች 1999 የመጣው ሜሊሳና በሜይ 2000 የመጣው አይላቭዩ፣ የሚላኩት ከተጎጂው ከራሱ አውትሉክ ነበር። ላኪው እውነተኛ ነበር። ያኔ ሰርቨሩ መልሶ «ማሽንህ ታሟል» ቢለው ትልቅ ውለታ ነው። አንቲቫይረስ ሻጮችም ይህችን ነገር ፕሮግራማቸው ውስጥ አስገቧት።

በኦክቶበር 2001 ክሌዝ መጣ። የጠለፈውን ኮምፒውተር የአድራሻ ማውጫ ይከፍታል፤ አንዱን አድራሻ ተቀባይ፣ ሌላውን ላኪ ያደርጋል። የተጠለፈው ሀ ነው እንበል። ቫይረሱ «ለ» ጋ ይደርሳል፣ ላኪው ግን «ሐ» ነው ይላል። የ«ለ» ሰርቨር «ሐ»ን ይከሳል። ሀ ምንም ሳያውቅ ሻዩን ይጠጣል።

ከዚያ ወዲህ ላኪውን ማስጠንቀቅ ትርጉም አጣ። ማስጠንቀቂያውን የሚያስልከው ማስተካከያ ግን በርቶ ቀረ። ሶቢግ ኤፍ በኦገስት 2003 ዓለምን ሲያጥለቀልቅ የኛው ቡሄ ላይ ነበር፣ ነሐሴ 13 ቀን 1995 ዓ.ም.። ሜሴጅላብስ የተባለው የኢሜይል ማጣሪያ ድርጅት ያኔ ከ17 ኢሜይል አንዱ ሶቢግ ነው ብሎ ነበር። ቫይረሱ 70 ኪሎባይት ገደማ ነው፣ በኢሜይል ሲታሸግ ደግሞ በሲሶ ይጨምራል። አንዳንዱ ጅል ሰርቨር ማስጠንቀቂያውን ሲልክ ቫይረሱንም አብሮ መርቆ ይመልስልህ ነበር! በ33.6 ሞደም አንዷን ለማውረድ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስልኩ ሂሳብ እየቆጠረ። ቫይረሱ ሴፕቴምበር 10 ላይ እንዲቆም ሆኖ ነበር የተሠራው። ጳጉሜን 5 ማለት ነው። ለአዲስ ዓመት ዕረፍት ሰጠን።


ዝምታ_ወርቅ_ነው

ይገርማል። አንድ ሰው በስሜ ከሱቅ በዱቤ ወስዶ ጠፋ፣ ባለሱቁ ደግሞ ማታ ማታ እየመጣ የኔን በር ይደበድባል ማለት ነው እኮ።


ጋሽ_ሞደም

@ዝምታ_ወርቅ_ነው አዎ። ባለሱቁም አንድ አይደለም፣ ሺህ ነው።


ቨርጂኒያ_ማታ (አሌክሳንድሪያ)

ሰላም። እኔ እዚህ አሜሪካ የኢሜይል መቀበያ ሰርቨሮች ላይ ነው የምሠራው። ጋሽ ሞደም ታሪኩን ጨርሰውታል፣ እኔ አሠራሩን ልጨምር። ብዙ አድሚን «ወይ ላኪውን አስጠነቅቃለሁ፣ ወይ ዝም ብዬ እሰርዛለሁ» ብሎ ነው የሚያስበው። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ትክክለኛውም እሱ ነው።

ሁለት ሰርቨር ሲገናኙ እንዲህ ነው የሚያወሩት። ላኪው «ከእገሌ ነው» ይላል። «ለእገሌ ነው» ይላል። ከዚያ መልእክቱን እስከ አባሪው ያፈሰዋል። መጨረሻ ላይ ነጥብ ያደርግና ይጠብቃል። ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህች መጠበቂያ ላይ ነው። ተቀባዩ ሰርቨር 250 ካለ «ተረክቤያለሁ፣ ከአሁን በኋላ ኃላፊነቱ የኔ ነው» ማለቱ ነው። 550 ካለ «አልቀበልም» ነው፤ ዕቃው አሁንም ያመጣው እጅ ላይ ነው።

ስለዚህ ቫይረሱን መስመሩ ሳይዘጋ መርምሮ 550 ማለት ነው። ያመጣው ቦት (የተጠለፈ ኮምፒውተር) ከሆነ ትቶት ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ማንም ንጹሕ ሰው አይረበሽም። ያመጣው እውነተኛ ሰርቨር ከሆነ ደግሞ ያ ሰርቨር ደንበኛውን ያውቀዋል፣ «መልእክትህ ተቀባይነት አላገኘም» ብሎ ራሱ ይነግረዋል። መጥፎው አሠራር መጀመሪያ 250 ብሎ ተቀብሎ፣ መስመሩን ዘግቶ፣ ከዚያ መመርመር ነው። ቫይረስ ሲያገኝ ያመጣው ሄዷል። እጁ ላይ የቀረው የተጭበረበረው የላኪ ስም ብቻ ነው።

@ሰርቨር_ጠባቂ፣ የአንተንም ሰርቨር በዚሁ ዓይን እየው። ፖስትፊክስ ላይ ክላምኤቪን መልእክቱ ሲገባ በሚያጣራው ሚልተር ካገናኘኸው መስመሩ ሳይዘጋ ነው የሚመረምረው፣ ጥሩ ነው። አማቪስ በሚባለው የማጣሪያ ፕሮግራም በኩል ከወረፋ በኋላ ከሆነ የሚመረምረው ግን አስቀድሞ ተቀብሏል ማለት ነው። ያኔ መመለስ የለም፤ ኳራንቲን (የተጠርጣሪ መልእክት ማቆያ) ውስጥ ይግባ ወይም ይሰረዝ። ለመፈተን አይካር የሚባለውን የሙከራ ፋይል ተጠቀም። 68 ፊደል ብቻ ነው፣ ምንም ጉዳት የለውም፣ አንቲቫይረስ ሁሉ እንዲይዘው ተስማምተው ያወጡት ነው። ከውጭ አድራሻ ወደ ራስህ ላከውና ምን እንደሚመለስ ተመልከት።


ጨረታ_ሰነድ

ይቅርታ፣ እኔ አልስማማም። ሁላችሁም ማስጠንቀቂያውን ትረግማላችሁ። እኔ ደግሞ ማስጠንቀቂያ በማጣቴ ነው የተጎዳሁት።

ባለፈው ዓመት የጨረታ ሰነድ በኢሜይል አስገባን። ዋጋው እንዳይታይ ዚፕ አድርገን በይለፍ ቃል ቆለፍነው። በሰዓቱ ላክን። መልስ የለም፣ ስህተት የለም፣ ምንም። ጨረታው ተከፈተ፣ እኛ የለንም። ስንጠይቅ «አልደረሰንም» አሉን። በኋላ የውስጥ ሰው እንደነገረን ሰርቨራቸው የተቆለፈ ዚፕ ውስጡን ማየት ስለማይችል እንደ ቫይረስ ቆጥሮ ዝም ብሎ ውጦታል። አንዲት መስመር ማስጠንቀቂያ ብትመጣልን በግማሽ ሰዓት በፍላሽ ይዘንላቸው እንሄድ ነበር። ስለዚህ «ዝም በሉ» የምትሉት ነገር ለነጋዴ አይሠራም።


ቨርጂኒያ_ማታ (አሌክሳንድሪያ)

@ጨረታ_ሰነድ ያንተን በደል የፈጠረው ግን ማስጠንቀቂያ መጥፋቱ አይደለም። 250 ብለው ተቀብለውህ ዝም ማለታቸው ነው። በመስመሩ ላይ 550 ቢሉህ ኖሮ የራስህ ሰርቨር በደቂቃ ውስጥ ይነግርህ ነበር። ሁለታችሁም የተጎዳችሁት በአንድ ዓይነት ስንፍና ነው፦ አንተ በዝምታው፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ በጩኸቱ።

ሌላው፣ የተቆለፈ ዚፕ ቫይረስ አይደለም። «ውስጡን ማየት አልቻልኩም» እና «ቫይረስ አግኝቻለሁ» ለየብቻ ነው መታየት ያለባቸው። የመጀመሪያው ኳራንቲን ገብቶ ለተቀባዩ ይነገረዋል። ተቀባዩ እኮ እዚያው ቤት ያለ ሰው ነው፣ አድራሻው አይጭበረበርም።


ጨረታ_ሰነድ

ተቀባዩም ሰነፍ ከሆነስ? 😀 ለማንኛውም ገባኝ። 550 ይበሉኝ። እኔ የምጠላው ዝምታውን ነው።


ሰላም_ከዱባይ

የኛን ጉድ ስሙ። አብረን የተማርን ልጆች የድሮ የኢሜይል ዝርዝር አለችን፤ አንድ አድራሻ ላይ ስትጽፍ ለሁሉም ይደርሳል። ዓለም ላይ ተበትነናል፤ አንዱ ካናዳ፣ አንዷ ሪያድ፣ አንዱ አዋሳ። አንድ ቀን ቫይረሱ ላኪ አድርጎ የወሰደው የዝርዝሩን አድራሻ ራሱን! የሆነ ሰርቨር «ቫይረስ ልከዋል» ብሎ ለዝርዝሩ መለሰ፣ ዝርዝሩ ለሁላችንም በተነው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። አንዱ «እኔ አይደለሁም!» ብሎ ለሁሉም መለሰ። ሌላዋ «ታዲያ ማን ነው?» አለች። ዕረፍት የወጣ ልጅ አለ፤ የሱ ኢሜይል በራስ ሰር «ዕረፍት ላይ ነኝ» እያለ ለእያንዳንዱ መልእክት ይመልሳል፣ ያም ለሁሉም ይደርሳል። ሦስተኛው «እባካችሁ ከዚህ ዝርዝር አውጡኝ» አለ፣ ለሁሉም። እስከ ማታ ድረስ ትምህርት ቤት እያለን የተጣላንበት ነገር ሁሉ ተነሥቶ አደረ። ቫይረሱን ግን አንድም ሰው አላየውም። የተሰረዘው ገና ሲጀመር ነው።


ጋሽ_ሞደም

@ሰላም_ከዱባይ ሳቄን ለቀቅሽው እህቴ። ቁምነገሩን ግን ልንገርሽ፣ ለዚህ ደንብ አለው። አርኤፍሲ (የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ) 3834 ይባላል፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፤ ስለ ራስ ሰር መልሶች ነው። ራስ ሰር መልስ ሲላክ «እኔ ራስ ሰር ነኝ» የሚል ምልክት ሄደሩ (የመልእክቱ ራስጌ) ላይ ይለጠፍበት ይላል፤ ለሌላ ራስ ሰር መልእክትም መልስ አይሰጥም ይላል። ወረፋ ውስጥ የሚመላለሱት ተመላሾችም የላኪ አድራሻቸው ባዶ እንዲሆን የድሮው ደንብ ያዛል፣ ዙሪያ ጥምጥም እንዳይሄዱ። የቫይረስ ማስጠንቀቂያ የሚልኩት ብዙዎቹ ይህን አያከብሩም ነበር። «አንቲቫይረስ» ወይም «አድሚን» በሚል እውነተኛ አድራሻ ነው የሚልኩት። ያንቺ ዕረፍት የወጣ ጓደኛ ሳጥን በዚህ ነው የተሸወደችው።


ግራ_ቀኝ

ማንም የማይናገረውን እኔ ልናገር? ማስታወቂያ ነው። «ይህ መልእክት በእንዲህ ባለው ምርት ተመርምሯል» የሚል ከታች የሌለበት ማስጠንቀቂያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቫይረስ በተበተነ ቁጥር የአንቲቫይረስ ሻጮቹ ስም በነፃ ዓለምን ይዞራል። ለምን ያጠፉታል?


ጋሽ_ሞደም

ግማሹ እውነት ነው። ያኔም ይሄው ወቀሳ ተነሥቶ ነበር። ፕሮግራሙ ቫይረሱን በስሙ ያውቀዋል፤ «ሶቢግ ኤፍ» ብሎ ማስጠንቀቂያው ላይ ይጽፋል። ሶቢግ ኤፍ ላኪውን እንደሚያስመስል ደግሞ የራሱ የሻጩ ድረ ገጽ ይናገራል። እያወቀ ነው የሚልከው እኮ። ይሄን ምን ትለዋለህ? ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩት ናቸው ቀድመው የነቁት፤ አማቪስ ላኪ አስመሳይ ቫይረሶችን በስም ለይቶ ዝም የሚልበት ዝርዝር ነበረው። በኋላ ዝርዝሩም አላስፈለገም፣ ሁሉም አስመሳይ ሆኑ።

ሌላው ግማሽ ግን ስንፍና ነው። አንድ ሰው ሰርቨሩን ተከለው፣ ሥራ ለቀቀ፣ ማንም ዳግመኛ አልነካውም። ዛሬ @ሰርቨር_ጠባቂን የሚያሠቃዩት አብዛኞቹ እንደነዚህ ያሉ ናቸው ብዬ ነው የምገምተው። ትላልቆቹ የኢሜይል አቅራቢዎች ይህን ነገር ከተዉት ቆይቷል።


ሰርቨር_ጠባቂ (አዲስ አበባ)

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ማታ ቁጭ ብዬ ሠራሁበት።

መጀመሪያ አይካሩን ሞከርኩ። የኛ ሰርቨር መስመሩ ላይ 550 ይላል። ቢያንስ ሌላውን ሰው እኛ እየረበሽን አይደለም።

ከዚያ ከማስጠንቀቂያዎቹ ውስጥ የዋናውን መልእክት ሄደር አብሮ የላከ አንድ አገኘሁ። «ሪሲቭድ» የሚሉትን፣ መልእክቱ ያለፈበት ሰርቨር ሁሉ የሚጽፋቸውን መስመሮች አየሁ። ማስጠንቀቂያውን የላከው ሰርቨር ራሱ የጻፈው መስመር ላይ ያመጣለት ማሽን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) አለ። የኛ አይደለም፣ የአገራችንም አይደለም፤ ሌላ አህጉር ያለ የቤት ኢንተርኔት መስመር ነው። ከሱ በታች ያሉት መስመሮች የኛን ሰርቨር ስም ይጠራሉ። ግን የኛ ሰርቨር መልእክት ሲያሳልፍ የሚሰጠው መለያ ቁጥር ሎጉ ውስጥ የለም። የተጻፈበት አሠራርም የኛን አይመስልም፤ ሰዓቱ እንኳን የሌላ አገር የሰዓት ክልል ነው። ፈጠራ ነው።

ይህን አትሜ ለዳይሬክተሩም ለኃላፊዋም አሳየኋቸው። ሴትየዋ ወረቀቷን ፋይል አድርገዋታል። «ኦዲተር ከጠየቀኝ» ነው የሚሉት።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ፦ ሌሎች ሰርቨሮች በስማችን የመጣውን ነገር ከመጀመሪያው እንዳያምኑ ምን ላድርግ? ኤስፒኤፍ አለን፣ መጨረሻው ላይ ያለው ምልክት ይቺ ናት (~)። ዲኪምና ዲማርክ የሉንም።


ቨርጂኒያ_ማታ (አሌክሳንድሪያ)

ጥሩ ሠርተሃል። ሄደር ላይ ያየኸው ነገር ዋናው ነው። የምታምነው ማስጠንቀቂያውን የላከው ሰርቨር ራሱ የጻፈውን መስመር ብቻ ነው፤ ከሱ በታች ያለውን ማንም መጻፍ ይችላል።

ኤስፒኤፍ በዲኤንኤስ (የዶሜይን ስሞች መዝገብ) ላይ «በስሜ መላክ የሚችሉት እነዚህ አይፒዎች ናቸው» ብሎ ማወጅ ነው። ያንተ ምልክት (~) «ሌላው ያጠራጥራል» ይላል፣ ሰረዙ (-) ደግሞ «ሌላውን አትቀበሉ» ይላል። ዲኪም እያንዳንዱን መልእክት በቁልፍ ይፈርማል። ዲማርክ ሁለቱን አያይዞ፣ አንባቢው የሚያየው የላኪ ስም ከነሱ ጋር ካልገጠመ ምን ይደረግ የሚለውን አንተ ራስህ እንድትወስን ያደርጋል፤ ሪፖርትም ያስልክልሃል። በ2015 እ.ኤ.አ. ነው እንደ አርኤፍሲ የወጣው። ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ደግሞ ጉግልና ያሁ በብዛት የሚልክ ሰው ሦስቱንም እንዲያሟላ ግድ ብለዋል። አንተ ብዙ ባትልክም አሟላ።

አደራ የምልህ ግን በአንዴ ጥብቅ አታድርገው። ዲማርክን በዝቅተኛው ደረጃ ጀምር፤ ምንም ሳይከለክል ሪፖርት ብቻ የሚሰበስበው ማለቴ ነው። ሪፖርቱን ለጥቂት ሳምንታት አንብብ። አንድ የረሳችሁት ነገር ሁልጊዜ አለ፦ ዜና መጽሔት የሚልክላችሁ የውጭ አገልግሎት፣ ድረ ገጹ ላይ ያለው የመገናኛ ቅጽ፣ ስካነሩ። ስካነሩን እንዳትረሳ! ኮሪደር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ማሽን በድርጅቱ ስም ኢሜይል ይልካል እኮ። እነሱን ካስገባህ በኋላ ነው ወደ ኳራንቲን፣ ከዚያ ወደ ሪጀክት («አትቀበሉ») የምትወጣው።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ግን ተቀባዩ ሰርቨር ካየው ነው። ዛሬም ማስጠንቀቂያ የሚልክ የተረሳ ሰርቨር ኤስፒኤፍን የማየት ዕድሉ ትንሽ ነው። ስለዚህ ለነሱ በራስህ በኩል ማጣሪያ ያስፈልግሃል። ስፓምአሳሲን የሚባለው የስፓም ማጣሪያ ካለህ ቪባውንስ የሚባል ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) አለው። የራስህን የመውጫ ሰርቨር ስም ትሰጠዋለህ። ተመላሽ ሲመጣ ውስጡ ያ ስም አለ ወይ ብሎ ይፈልጋል። ካለ እውነተኛ ተመላሽ ነው፣ ይለፍ። ከሌለ ምልክት ያደርግበታል፤ ለቫይረስ ማስጠንቀቂያም የራሱ ደንብ አለው። ነጥቡ በጣም ትንሽ ስለሆነ ብቻውን አያግድም። ምልክቱን አይቶ ወደ ሌላ ፎልደር የሚወስድ ደንብ አንተ ትጽፋለህ። ፖስትፊክስም ስለ ባክስካተር ብቻ የተጻፈ መመሪያ አለው፣ አንብበው።

ተመላሽን በጅምላ ግን እንዳትዘጋ። ኃላፊዋ የባንኩን አድራሻ ተሳስተው ቢጽፉ ማወቅ አለባቸው።


ካፌ_ዋይፋይ

እኔ የገጠመኝ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ማስጠንቀቂያው ራሱ ወጥመድ ነበር። «የኢሜይል ሳጥንዎ ቫይረስ እየላከ ስለሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል። ለማጽዳት እዚህ ይጫኑ» ይላል። ከ«ሰርቨር አስተዳዳሪ» ነው የሚለው። ሊንኩ ላይ ማውሱን ሳሳርፍ ከታች የሚታየው አድራሻ ሌላ ነው፣ የኛን ድርጅት ስም መሃል ላይ ሸጉጠውበታል። የሚከፈተው ገጽ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ያን ቀን ጠዋት ሦስት እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ደርሷት ስለነበር አራተኛውን አልተጠራጠረችም። ሞላችው።


ጋሽ_ሞደም

@ካፌ_ዋይፋይ አስከፊው ጉዳት ይሄ ነው፣ ቀደም ብዬ ማንሣት ነበረብኝ። አዲስም አይደለም። ማይዱም በጃንዋሪ 26 ቀን 2004 ሲወጣ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ራሱ ተመላሽ ኢሜይል መስሎ ነው የመጣው። ርዕሱ «የመልእክት ማድረሻ ሲስተም» ነበር፤ ውስጡ ደግሞ «መልእክቱ በጽሑፍ ሊታይ ስላልቻለ በአባሪ ተልኳል» ዓይነት ነገር። ሰው «ምን ልኬ ነው የተመለሰብኝ?» ብሎ አባሪውን ይከፍታል። ሜሴጅላብስ ያኔ ከ12 ኢሜይል አንዱ ማይዱም ነው ብሎ ነበር።

እስቲ አስበው፣ በዚያው ሳምንት ኢንቦክስህ ውስጥ እውነተኛ ተመላሽ አለ፣ ተመላሽ የመሰለ ቫይረስ አለ፣ ቫይረሱን ላልላከ ሰው የተላከ ማስጠንቀቂያም አለ። መልካቸው አንድ ነው። ጸሐፊዋ በምን ትለያቸው?


ዝምታ_ወርቅ_ነው

እኛ ቢሮ አሁን ሁሉንም ሳያነቡ ነው የሚያጠፉት። እውነተኛው ሲመጣም አብሮ ይጠፋል።


ጨረታ_ሰነድ

አንድ ነገር ልጨምር፣ አድሚኖቹን ለማስቆጣት አይደለም። ዛሬ ብዙ ቫይረስ የሚላከው በእውነት ከተጠለፈ የኢሜይል አካውንት አይደለም ወይ? የይለፍ ቃሉ ተሰርቆ። ያኔ ላኪው እውነተኛ ነው፣ ማስጠንቀቂያውም ትክክለኛው ሰው ጋ ይደርሳል።


ቨርጂኒያ_ማታ (አሌክሳንድሪያ)

ጥሩ ነጥብ ነው፣ እውነትም አለው። ኢሞቴት የተባለውን ቫይረስ ውሰድ። በጃንዋሪ 2021 የፖሊስ ኃይሎች ተባብረው ሰርቨሮቹን ዘጉ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ተመልሶ መጣ። ከተሰረቀ ሳጥን የቆየ የደብዳቤ ልውውጥ አውጥቶ «ከላይ ስለተነጋገርነው» ብሎ ይመልስልሃል። የሚታየው ስም የምታውቀው ሰው ነው፤ አድራሻው ግን ብዙ ጊዜ የሌላ፣ ሦስተኛ ሰው የተጠለፈ አካውንት ነው። ማስጠንቀቂያህ ለዚያ ሦስተኛ ሰው ቢደርስ ይጠቅመዋል ልትል ትችላለህ። ግን ሳጥኑ በሌባው እጅ ነው፤ ሌባው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር እንዲህ ያለ መልእክት እንዳይታይ በራስ ሰር የሚሰርዝ ደንብ ማስገባት ሊሆን ይችላል።

550 ግን እዚህም ያሸንፋል። የሚመለሰው ለአካውንቱ ባለቤት ድርጅት ሰርቨር ነው። እዚያ ያለው አድሚን ሎጉ ላይ «ከዚህች ሳጥን የወጣው ሁሉ በቫይረስ ተመለሰ» የሚል ያያል። ማወቅ ያለበትም እሱ ነው።


ሰርቨር_ጠባቂ (አዲስ አበባ)

ዜና ላቅርብ። ቪባውንስ ገብቷል፣ ደንቡም ተጽፏል። ማስጠንቀቂያዎቹ አሁን ወደ ሌላ ፎልደር ነው የሚገቡት፤ ኃላፊዋ አያዩዋቸውም፣ እኔ ጠዋት ጠዋት አያለሁ። አድራሻው አልተቀየረም፣ ዳይሬክተሩ ተስማምተዋል። ዲኪም ተፈርሟል፣ ዲማርክ በዝቅተኛው ደረጃ ሪፖርት እየሰበሰበ ነው። @ቨርጂኒያ_ማታ፣ ስካነሩ ሪፖርቱ ላይ አለ! በምን አወቅህ?

በጣም ለሚያስቸግረው ሰርቨር ፖስትማስተር (የኢሜይል ኃላፊው አድራሻ) ደብዳቤ ጻፍኩ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሰርቨርዎ በእኛ ስም ለተጭበረበሩ መልእክቶች የቫይረስ ማስጠንቀቂያ እየላከልን ነው። መልእክቶቹ ከዚህ አይፒ እንደመጡ የራስዎ ሄደር ያሳያል። እባክዎ ለላኪ ማሳወቂያውን ያጥፉልን።» የመጣልኝ መልስ፦ «ፖስትማስተር የሚባል ተጠቃሚ የለም።»


ጋሽ_ሞደም

ፖስትማስተር የሚለው አድራሻ መልእክት በሚቀበል ዶሜይን ሁሉ ላይ መኖር ግዴታ ነው፣ አርኤፍሲ 5321 ላይ በግልጽ ተጽፏል። እሱን ያላሟላ ሰው ማስተካከያ ያጠፋልኛል ብለህ አትጠብቅ። አይፒውን በሁይዝ (የአይፒ ባለቤቶች መፈለጊያ) ፈልገው፣ የባለአይፒው ድርጅት የአቤቱታ አድራሻ ይወጣል። እዚያ ጻፍ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሄደሩን በጽሑፍ ገልብጠህ ላክ እንጂ መልእክቱን ሙሉውን እንዳታያይዝ፣ ውስጡ ቫይረሱ ካለ ያንተው አቤቱታ ይታገዳል።


ሰላም_ከዱባይ

ከታገደ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይልኩለታል 😂


አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። የኛ ቢሮ ሰርቨር ፖስትፊክስ ሳይሆን ኤክዚም የሚባለው ነው። ያው ነው?


ቨርጂኒያ_ማታ (አሌክሳንድሪያ)

ያው ነው። መልእክቱ ከፈሰሰ በኋላ የሚነበበው የፈቃድ ደንብ ውስጥ የቫይረስ ምርመራውን አስገባና ከተገኘ ከልክል በለው። ለላኪ ደብዳቤ የሚጽፍ ስክሪፕት ከድሮ ካለ አውጣው። ሌላ ጥያቄ ካለህ አዲስ ርዕስ ክፈት፣ ይሄኛው ረዘመ።